ግርሻ የታመመ ሰው «ቂጥኝ አለብህ» ሊባል ይችላል?

የጠያቂዋ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦

«ወንድሜ ዲያቆን ነው፤ ጎንደር ውስጥ አቋቋም ይማራል። በነሐሴ ክፉኛ ታሞ ደሙ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግርሻ ነው ተባለ፤ አንድ መርፌ ተወግቶ ዳነ። አሁን በጥቅምት ከእጮኛው ጋር ለጋብቻ ምርመራ ሲሄዱ እሱ ላይ ‹ቪዲአርኤል ሪአክቲቭ፣ 1፡4› የሚል ወረቀት ተሰጠው። ቂጥኝ ነው አሉት። እሱ ሴት አላውቅም ብሎ ይምላል። ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል፤ ሽማግሌዎቹ ገና አልሰሙም። አንድ የላቦራቶሪ ልጅ ‹የግርሻና የቂጥኝ ጀርሞች ዘመዳሞች ስለሆኑ ምርመራው አምታቶት ይሆናል› አለን። እውነት ነው ወይስ ሊያጽናናን ነው? ዘመዳሞች ከሆኑስ የሚጋሩት ምንድን ነው?»

እህቴ፣ ልጁ ለማጽናናት ብቻ የተናገረው አይደለም። ግርሻ፣ ማለትም እየተመላለሰ የሚነሳው የትኩሳት በሽታ፣ የታመመ ሰው ያለ ምንም ቂጥኝ ቪዲአርኤል (ቂጥኝን ለመፈለግ የሚሠራው የደም ምርመራ) ሪአክቲቭ (ምላሽ የሰጠ) ሊሆንበት እንደሚችል ከድሮ ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው፤ 1፡4ም፣ ማለትም ደሙ አራት ጊዜ ቀጥኖ ምላሽ መስጠቱ፣ ዝቅተኛ ቁጥር ነው። ይሁን እንጂ ምክንያቱን ሲነግራችሁ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮችን ባንድ አስሯቸዋል። የጀርሞቹ ዝምድና እውነት ነው፤ ቪዲአርኤል የሚሳሳተው ግን በዝምድናቸው ምክንያት አይደለም። ዝምድናው የሚያስቸግረው በሌላ ዓይነት ምርመራ ላይ ነው፤ ያ ምርመራ ደግሞ ለወንድምዎ ገና አልተሠራለትም። ቀጥሎ ሊሠራለት የሚገባው እሱ ስለሆነ፣ ልዩነቱን አውቃችሁ ብትሄዱ ይጠቅማችኋል።

መጀመሪያ ዘመዳሞቹን ላስተዋውቅዎ። ሰውን ከሚያሳምሙት ጥምዝምዝ ባክቴሪያዎች፣ እኛ ስፓይሮኪት ከምንላቸው፣ ሦስት ወገኖች ይበልጥ ይታወቃሉ። ትሬፖኔማ ቂጥኝን ያመጣል፤ ሻውዲንና ሆፍማን የተባሉ ጀርመናውያን እ.ኤ.አ. በ1905 አገኙት። ቦሬሊያ ግርሻን ያመጣል፤ እሱን ደግሞ ኦበርማየር የተባለ ሐኪም በርሊን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1868 በሕሙማን ደም ውስጥ ሲንቀሳቀስ አይቶ በ1873 አሳወቀ። ሦስተኛው ሌፕቶስፓይራ ነው፤ በአይጥና በከብት ሽንት በተበከለ ውኃ የሚመጣ፣ ጉበትና ኩላሊትን የሚጎዳ ነው። የወንድምዎ ጉዳይ እሱን ስለማይነካ እዚህ ላይ እንተወው።

በነሐሴ በወንድምዎ ደም ውስጥ የታየችው ቦሬሊያ ሪከረንቲስ ትባላለች። ከሰው በቀር ሌላ ማደሪያ እንስሳ የላትም፤ ከሰው ወደ ሰው የምታደርሳት የልብስ ቅማል ናት። ቅማሏ ነክሳ አይደለም የምታስተላልፋት፤ ሰው ሲያክ ቅማሏ ተጨፍልቃ የሰውነቷ ፈሳሽ በተቧጨረው ቆዳ ሲገባ ነው። ለዚህ ነው በክረምት፣ በደጋ ብርድ፣ ልብስ ደርቦ በጠባብ ጎጆ ተጠጋግቶ በሚያድር ሰው ላይ የሚበረታው። የቆሎ ተማሪ፣ የቀን ሠራተኛ፣ ወታደር፣ እስረኛ ሁሉም ለዚህ የተጋለጡ ናቸው። በሽታው ስለ ሰውየው ጠባይ የሚናገረው ነገር የለም፤ የሚናገረው ስለ ማደሪያው ነው።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የነሐሴው ውጤትና የጥቅምቱ ውጤት ክብደታቸው እኩል አይደለም። በነሐሴ ጀርሟ ራሷ በዓይን ታይታለች። ቦሬሊያ ትኩሳቱ በተነሳበት ሰዓት በተቀባ ስላይድ ላይ፣ በተለመደው የጊምሳ ቀለም፣ በቀይ የደም ሕዋሳቱ መካከል እንደ ተጠቀለለ ክር ሆና ትታያለች። የቂጥኙ ትሬፖኔማ በዚህ መንገድ አይታይም፤ ውፍረቱ 0.2 ማይክሮሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ በተራ ማይክሮስኮፕ ለዓይን አይያዝም፣ በደምም ውስጥ ጥቂት ነው። ስለዚህ ወንድምዎ ግርሻ እንደታመመ እርግጠኛ መሆን ይቻላል። በጥቅምት ግን ማንም ጀርም አላየም። የታየው ደሙ ውስጥ ያለ ፀረ እንግዳ አካል፣ ማለትም አንቲቦዲ፣ ከአንድ የላቦራቶሪ ፈሳሽ ጋር ሲገናኝ መጓጎሉ ነው። ያ ፈሳሽ ከምን እንደተሠራ እመለስበታለሁ፤ ሲሰሙት ይገርምዎታል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ፣ ምን ይጋራሉ? አንቲጅን የምንለው ሰውነታችን «ይህ የእኔ አይደለም» ብሎ የሚያውቀውና አንቲቦዲ የሚሠራበት የጀርሙ ክፍል ነው። ስፓይሮኪቶች ሁሉ የሚጋሩት አንድ ልዩ የአካል አሠራር አለ። ሌሎች ዋናተኛ ባክቴሪያዎች የሚቀዝፉበትን ጭራ ወደ ውጭ ይዘረጋሉ። ስፓይሮኪቶች ግን ጭራቸውን ከላይኛው ሽፋናቸው ሥር፣ ጋቢ ውስጥ እንደ ተያዘ በትር፣ ይሸሽጉታል። ጭራው ከሽፋኑ ሥር በገላቸው ላይ ተጠምጥሞ ሲሽከረከር መላ ሰውነታቸው አብሮ ይጠማዘዛል፤ እንደ ቡሎን እየተሰረሰሩ በወፍራም ፈሳሽ ውስጥ የሚያልፉት በዚህ ነው።

ያ ጭራ የተሠራበት ፕሮቲን ፍላጀሊን ይባላል። ቅርጹ ትንሽ ቢዛባ ጀርሙ መንቀሳቀስ ያቆማል፤ ስለዚህ በዘመናት ሂደት ብዙ መለዋወጥ አልቻለም። የትሬፖኔማው የጭራ እምብርትና የቦሬሊያው፣ ሁለቱ ወገኖች ከተለያዩ እጅግ ብዙ ዘመን ቢያልፍም፣ ዛሬም ይመሳሰላሉ። የቂጥኝ ሕመምተኛን ደም ወስደው ከቦሬሊያ ፕሮቲኖች ጋር ቢያገናኙት 41 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ ነው) በሚመዝነው ፍላጀሊን ላይ ተጣብቆ ሊያገኙት ይችላሉ። የተገላቢጦሹም ይሆናል።

ሁለተኛው የጋራ ሀብታቸው በጭንቅ ጊዜ የሚሠራ ፕሮቲን ነው። ጀርም ሙቀት ሲበዛበት ሌሎች ፕሮቲኖቹ እንዳይበላሹ ቅርጻቸውን የሚይዝላቸው፣ 60 ኪሎዳልተን ገደማ የሚመዝን ረዳት ፕሮቲን አለው። ይኸኛው ግን የስፓይሮኪቶች ብቻ አይደለም፤ አንጀታችን ውስጥ ያለው ኢ. ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ እንኳ የሚመሳሰል አለው። ስለዚህ በዚህ ፕሮቲን ላይ የተሠራ አንቲቦዲ አገኘሁ ማለት «ዘመዱን አገኘሁ» ማለት አይሆንም፤ ሩቅ ባዳም ሊሆን ይችላል።

እነዚህ የጋራ አንቲጅኖች ከሞላ ጎደል የውስጥ ዕቃ ናቸው። ጀርሙ በሕይወት ሳለ አንቲቦዲ አይደርስባቸውም፤ ሽፋኑ ከልሏቸዋል። የሚወጡት ጀርሙ ሲፈርስ ነው፣ ያኔ ሰውነት አይቷቸው አንቲቦዲ ይሠራባቸዋል። ያ አንቲቦዲ ሕያው ጀርምን ስለማያገኘው ከሚቀጥለው በሽታ ብዙም አያድንም፤ ጀርሙ ተፈጭቶ ወይም ደርቆ በተዘጋጀበት የላቦራቶሪ ምርመራ ላይ ግን ፈጥኖ ይጣበቃል። ለበሽተኛው ሳይጠቅም ለላቦራቶሪው ችግር የሚሆነው እንዲህ ነው። ግርሻ የታመመ ሰው ከቂጥኝ አይጠበቅም፤ ቂጥኝ የታመመም ከግርሻ።

ላይኛው ሽፋናቸው ግን ፈጽሞ ይለያያል። የቂጥኙ ትሬፖኔማ ሽፋን ባዶ ነው ለማለት የሚያስደፍር ነው፤ ከላዩ ላይ ያሉት ፕሮቲኖች በጣም ጥቂት ስለሆኑ ሰውነት የሚይዘው እጀታ ያጣል፣ በዚህም ዓመታት ተደብቆ ይኖራል። ቦሬሊያ የመረጠችው ሌላ ብልሃት ነው። ሽፋኗ በአንድ ዓይነት ፕሮቲን ተሞልቷል፤ ሰውነት በዚያ ፕሮቲን ላይ አንቲቦዲ ሠርቶ ብዙዎቹን ሲፈጃቸው፣ ቀድመው ሽፋናቸውን የቀየሩ ጥቂቶች ይተርፋሉ። እነሱ ተራብተው ከሳምንት ገደማ በኋላ ትኩሳቱ እንደገና ይነሳል። ግርሻ የሚያገረሸው በዚህ ነው። በሽታውን ያየ ሰው «ድኗል ስንል ወደቀ» የሚለው የሽፋን ቅየራውን ውጤት ነው።

የማይጋሩትን ማወቅ ለምርመራ ከሚጋሩት ይልቅ ይጠቅማል። ለምሳሌ በአሜሪካና በአውሮፓ በመዥገር የሚተላለፈው የላይም በሽታ የሚመጣው በሌሎች ቦሬሊያዎች ነው፤ የግርሻና የላይም ቦሬሊያዎች ከትሬፖኔማ ይልቅ እርስ በርስ እጅግ ይቀራረባሉ፣ በፍላጀሊናቸውም ይምታታሉ። ሆኖም የግርሻ ቦሬሊያዎች ያላቸው፣ የላይሞቹ የሌላቸው ግሊፒኪው የተባለ አንድ ፕሮቲን አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ይህ ከታወቀ ወዲህ ሁለቱን በደም ምርመራ ለመለየት መንገድ ተገኘ። ውጭ አገር ያላችሁ አንባቢዎች፣ ከዚህ ግርሻ ታማችሁ ሄዳችሁ የላይም ምርመራ ሪአክቲቭ ቢባልባችሁ ይህን ለሐኪማችሁ ንገሩ። እ.ኤ.አ. በ2015 ከአፍሪካ ቀንድ በስደት አውሮፓ የደረሱ ወጣቶች ላይ ግርሻ ሲገኝ፣ ብዙ ሐኪሞች በመጽሐፍ ብቻ የሚያውቁት በሽታ ነበር።

ወደ ቪዲአርኤል እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1906 ቫሰርማንና ባልደረቦቹ የቂጥኝን የደም ምርመራ ሲያወጡ፣ ጀርሙን ማራባት ስላልተቻለ በቂጥኝ ሞተው ከተወለዱ ሕፃናት ጉበት የተጨመቀ ፈሳሽ ተጠቀሙ። ጉበቱ በጀርሙ የተሞላ ስለነበረ አንቲቦዲው የሚጣበቀው በጀርሙ ላይ ነው ብለው አምነው ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን ጀርም ያልነካው ጤነኛ ሥጋም ያንኑ ውጤት ሰጠ። ከሁሉ የተሻለውም የበሬ ልብ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1941 ሜሪ ፓንግቦርን የተባለች ተመራማሪ ከበሬ ልብ ውስጥ ያንን ንጥረ ነገር ለይታ አወጣችው፤ የቅባት ዓይነት ነው፣ ካርዲዮሊፒን ይባላል። ዛሬ ጎንደርም ሆነ አዲስ አበባ ቪዲአርኤል የሚሠራበት ፈሳሽ ካርዲዮሊፒን፣ ሌሲቲንና ኮሌስትሮል ነው። ከሰል የተጨመረበትና በካርድ ላይ የሚሠራው አርፒአርም መሠረቱ ያው ነው። የቂጥኝ ጀርም አንዲት ቅንጣት የለበትም።

ታዲያ ለምን ይሠራል? ካርዲዮሊፒን በእኛም ሕዋሳት ውስጥ፣ ኃይል በሚመነጭበት በሚቶኮንድሪያ፣ አለ። ቂጥኝ ሕዋስን ሲያፈርስ ይህ ቅባት ይወጣል፤ የቂጥኙ ጀርም ራሱም ካርዲዮሊፒን አለው። ሰውነት ተቆጥቶ በዚያ ቅባት ላይ አንቲቦዲ ይሠራል። ምርመራው የሚለካው ይህን ቁጣ ነው። ሰውነትን በዚህ መልክ የሚያስቆጣ ማንኛውም ነገር ግን ተመሳሳይ አንቲቦዲ ሊያስነሳ ይችላል፦ ወባ፣ ቲቢ፣ ሥጋ ደዌ፣ ኤች አይ ቪ፣ ሉፐስ የተባለው ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት በሽታ፣ አንዳንዴም እርግዝና ብቻውን። ግርሻም ከእነዚሁ አንዱ ነው። በግርሻ ጊዜ ጀርሞቹ በደም ውስጥ እጅግ ይበዛሉ፣ ጉበትና ጣፊያ ይጎዳል፤ ከዚያ በኋላ ለጥቂት ወራት ቪዲአርኤል ዝቅ ባለ ቁጥር ሪአክቲቭ ሆኖ ቢቆይ የሚያስደንቅ አይደለም።

እዚህ ላይ የአካባቢያችንን ነገር ላንሳ። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው ደንቢያን የወባ ወረርሽኝ ከፈጀው በኋላ ነው። ያ ሜዳ ዛሬም ወባ አለው፤ መተማና ሁመራ ለሰሊጥ ሥራ የሚወርድ ጎልማሳም ወባ ተሸክሞ ይመለሳል። በእንዲህ ያለ አገር «ሪአክቲቭ» የሚለውን አንድ ቃል ብቻ ይዞ «ቂጥኝ» ብሎ መናገር በእኔ አመለካከት ችኮላ ነው። ለሙያ ባልደረቦቼም የምለው፣ በወረቀቱ ላይ የምርመራውን ስምና ቁጥሩን ጽፋችሁ ስጡ፤ የበሽታውን ስም ሐኪሙ ይናገር።

ዝምድና የሌለበት ምስስሎሽ ቪዲአርኤል ላይ ብቻ አይደለም የሚታየው። ወንድምዎ በነሐሴ መጀመሪያ ላይ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ተብሎ ከሆነ አይገረሙ። እ.ኤ.አ. በ1916 የወጣው የዌል ፊሊክስ ምርመራ ለታይፈስ የሚጠቀመው ፕሮቲየስ የተባለ ባክቴሪያን ነው፤ ኦኤክስኬ የተባለው የዚህ ባክቴሪያ ዝርያ በግርሻ ሕመምተኛ ደም እንደሚጓጎል በሕክምና መጻሕፍት ተመዝግቧል። ፕሮቲየስና ቦሬሊያ ምንም አያዛምዳቸውም። ስለዚህ አንቲጅን መጋራትን ከሥጋ ዝምድና ጋር አንድ አድርጎ ማየት አያዋጣም፤ አንዳንዱ የአጋጣሚ መመሳሰል ነው።

እውነተኛው ዝምድና የሚያስቸግረው ሁለተኛው ዓይነት ምርመራ ላይ ነው፤ ትሬፖኔማውን ራሱን ወይም ፕሮቲኖቹን የሚጠቀመው። የዚህ ምርመራ ታሪክ ከጋራ አንቲጅን ጋር የተደረገ ትግል ታሪክ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1957 የትሬፖኔማ ጀርሞች በስላይድ ላይ ተለጥፈው የበሽተኛው አንቲቦዲ ሲጣበቅባቸው በሚያበራ ቀለም የሚታይበት ምርመራ ወጣ። ችግሩ ወዲያው ታወቀ። ጤነኛ ሰውም ሪአክቲቭ ይሆን ነበር፤ ምክንያቱም ሁላችንም በአፋችን፣ በድዳችን ሥር፣ በአንጀታችንም የማይጎዱ ትሬፖኔማዎች ተሸክመን እንኖራለን፣ በእነሱም ላይ አንቲቦዲ አለን። መጀመሪያ የተወሰደው መፍትሔ ደሙን 200 ጊዜ ማቅጠን ነበር። ይህ በማይጎዱት ትሬፖኔማዎች ላይ የተሠራውን አንቲቦዲ አዳከመ፣ ግን እውነተኛውን ቂጥኝም አብሮ ያስመልጥ ጀመር።

ከዚያ በ1960ዎቹ ብልህ የሆነ መላ ተገኘ። ራይተር የተባለ፣ በሽታ የማያመጣና በላቦራቶሪ የሚራባ ትሬፖኔማ አለ። የእሱ ጭማቂ አስቀድሞ ከሕመምተኛው ደም ጋር ይቀላቀላል። በጋራ አንቲጅኖች ላይ የተሠሩት አንቲቦዲዎች ሁሉ እዚያ ተጣብቀው ይቀራሉ፤ ለቂጥኙ ብቻ የተሠሩት ነጻ ሆነው ያልፋሉ። ቀጥሎ ከቂጥኙ ጀርም ጋር ሲገናኝ የሚያበራው እውነተኛው ብቻ ነው። ኤፍቲኤ-ኤቢኤስ የሚባለው ይህ ነው። በቀይ የደም ሕዋስ ላይ የሚሠራው ቲፒኤችኤም ይህንኑ የማጥራት ዘዴ ይከተላል። ያም ሆኖ የቦሬሊያ ሕመምተኞች ላይ ኤፍቲኤ-ኤቢኤስ አልፎ አልፎ ሪአክቲቭ እንደሚሆን ይታወቃል፤ የጭራውና የመሰሎቹ አንቲቦዲ ተጠርጎ አያልቅም።

አሁን ያሉት የፈጣን ምርመራ ስትሪፖች ደግሞ ሙሉ ጀርም አይጠቀሙም። ከትሬፖኔማው ተመርጠው በሌላ ባክቴሪያ ውስጥ የተመረቱ፣ በክብደታቸው 15፣ 17 እና 47 እየተባሉ የሚጠሩ ፕሮቲኖች ናቸው የሚቀቡባቸው። የተመረጡበትም ምክንያት ከሌሎች ስፓይሮኪቶች ጋር ስለማይምታቱ ነው። የጀርሙ ሙሉ የዘር መዝገብ እ.ኤ.አ. በ1998 ተነቦ 1.14 ሚሊዮን ፊደል ገደማ ሆኖ ከተገኘ ወዲህ እንዲህ ያለው ምርጫ ቀላል ሆኗል። እናቶች በእርግዝና ክትትል ጊዜ ጣታቸው ተወግቶ ከኤች አይ ቪ ጋር ባንድ ስትሪፕ የሚመረመሩት ይህኛውን ነው።

አንድ ወሰን ግን አልተሻገረም። ያውስና ቤጀል የሚባሉት፣ በልጅነት በቆዳ ንክኪ ወይም በጋራ የመጠጫ ዕቃ የሚተላለፉት በሽታዎች የሚመጡት በዚያው በትሬፖኔማ ፓሊደም ሌሎች ንዑስ ዝርያዎች ነው። የዘር መዝገባቸው የሚለያየው ከመቶ ከግማሽ በጣም ባነሰ ነው። በየትኛውም የተለመደ የደም ምርመራ ከቂጥኝ አይለዩም።

እንግዲህ ምን ታድርጉ? የምመክረው ሌላ መርፌ ከመወጋቱ በፊት ደሙ ለቲፒኤችኤ ወይም ለፈጣኑ የትሬፖኔማ ስትሪፕ እንዲሰጥ ነው። በጎንደር በሪፈራል ደረጃ ያለ ላቦራቶሪ ወይም የተሟላ የግል ላቦራቶሪ ዘንድ ጠይቁ። በጥያቄ ወረቀቱ ላይ ሐኪሙ «በነሐሴ በደም ስላይድ የተረጋገጠ ግርሻ» የሚለውንና የተሰጠውን መድኃኒት እንዲጽፍበት አስታውሱት። የነሐሴው የላቦራቶሪ ወረቀት ካልጠፋ ይዛችሁ ሂዱ።

ያ ምርመራ ነን-ሪአክቲቭ ከሆነ፣ የጥቅምቱ 1፡4 ሐሰተኛ ሪአክቲቭ ነው ብሎ ለመናገር በቂ ነው። ወንድምዎ በቅርብ ሳምንታት ለቂጥኝ የሚያጋልጠው ነገር ቢኖር ኖሮ በወሩ ድገሙት እል ነበር፤ እሱ እንደሚለው ካልሆነ ግን ለጥንቃቄ ያህል ካልፈለጋችሁ በቀር አያስፈልግም። ቪዲአርኤሉ ራሱ ከስድስት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ እየወረደ ይጠፋል ተብሎ ይጠበቃል። በየካቲት አንድ ጊዜ አሠሩትና እዩት፤ ግን በዚያው ላቦራቶሪ፣ በዚያው ዘዴ ይሁን። አርፒአርና ቪዲአርኤል ቁጥራቸው አይወዳደርም፤ ከ1፡4 ወደ 1፡2 መውረድም የሁለት እጅ ለውጥ ብቻ ስለሆነ ከምርመራው ተራ መዋዠቅ አይለይም፣ ትርጉም የሚሰጠው የአራት እጅ ለውጥ ነው። ከስድስት ወር በላይ ካልጠፋ ግን ሉፐስንና መሰል በሽታዎችን የሚፈልግ የውስጥ ደዌ ሐኪም ይየው።

ሪአክቲቭ ከሆነስ? ያኔ ግርሻን ማመካኛ ማድረግ አይቻልም ማለት ይቀርባል፤ ጨርሶ አይቻልም ግን አልልም። መጀመሪያ የተሠራው ኤፍቲኤ-ኤቢኤስ ወይም ቲፒኤችኤ ከሆነ፣ የተመረጡ ፕሮቲኖችን በሚጠቀም ስትሪፕ ይደገም። ሁለቱም ከተስማሙ እንደ ቂጥኝ ታይቶ ይታከም፤ መቼ እንደያዘው ለማይታወቅ ሰው 2.4 ሚሊዮን ዩኒት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለሦስት ሳምንት ይሰጣል። በነሐሴ ለግርሻ የተወጋው አንድ መርፌ መጠኑ ያነሰና ቶሎ የሚያልቅ ስለሆነ ይህንን አይተካም። ያኔም ቢሆን ወረቀቱ እንዴት እንደያዘው አይናገርም። ከእናት በማሕፀን ሊተላለፍ ይችላል፣ ከላይ ያልኳቸው የልጅነት በሽታዎችም አሉ፤ የትሬፖኔማ ምርመራ አንዴ ሪአክቲቭ ከሆነ ደግሞ ከታከሙ በኋላም ብዙ ጊዜ ዕድሜ ልክ እንደዚያው ይቆያል። ድንግልናን የሚመረምር የደም ምርመራ የለም።

ሌላም ነገር ሰው ሲያምታታ ሰምቻለሁ። ወንድምዎ በነሐሴ መርፌውን ከተወጋ በኋላ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ክፉኛ አንቀጥቅጦት፣ ትኩሳቱ ብሶበት ከነበረ «ይሄ የቂጥኝ ምልክት ነው» የሚል አዋቂ አይጠፋም። አይደለም፤ ሞቶ የሚፈርሰው ጀርም ውስጡን በደም ሲያፈስ የሚነሳ የሰውነት ቁጣ ነው። በመጀመሪያ የታወቀው በቂጥኝ ሕሙማን ላይ ስለሆነ በሁለት የቆዳ ሐኪሞች ስም ያሪሽ-ሄርክስሃይመር ይባላል፤ ከሁሉ የሚበረታው ግን በግርሻ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ በግርሻ ሕሙማን ላይ የተደረጉ ጥናቶች ቲኤንኤፍ የተባለው የሰውነት መልእክተኛ ያን ሰዓት በደም ውስጥ እንደሚያሻቅብ አሳይተዋል። የጋራ ባሕርያቸው ነው፤ አንዱን ከሌላው አይለይም።

ለነፍሰ ጡር አንባቢዎች ለብቻ የምለው አለኝ፤ ይህን ጽሑፍ ይዛችሁ መርፌ እንዳታዘገዩ። በእርግዝና ክትትል ላይ ስትሪፑ ሪአክቲቭ ከሆነ በዚያው ቀን መታከም ነው ትክክሉ። ሐሰተኛ ቢሆን የምታጡት የአንድ መርፌ ሕመም ነው፤ እውነት ሆኖ ቢዘገይ ፅንሱ ሊሞት ወይም ታሞ ሊወለድ ይችላል። የወንድምዎ ጉዳይ የተለየ ነው፤ ጥቂት ቀን ጠብቆ አረጋግጦ መሄድ ምንም አይጎዳውም።

ለሽማግሌዎቹስ? ውጤቱ የወንድምዎ ነው፤ እጮኛው የማወቅ መብት አላት፣ ከእሷ መደበቅ የለበትም፤ ቢቻል አብራው ሄዳ ከሐኪሙ አፍ ትስማ። ከእሷ አልፎ ለቤተ ዘመድ በተለይ ገና ባልተጣራ ወረቀት የሚሰጥ ማብራሪያ አይታየኝም። ቲፒኤችኤ ብዙ ጊዜ የማይወስድ ምርመራ ስለሆነ ጥር ሳይደርስ ታውቁታላችሁ።

የቀረኝ ስለ ጎጆ ባልንጀሮቹ ነው። ግርሻ አንዱን ተማሪ ይዞ ሌላውን የሚተወው ቅማሏ እስክትሻገር ብቻ ነው። ልብሳቸውና የሚለብሱት ብርድ ልብስ በፈላ ውኃ ይቀቀል፤ ቅማሏ እንቁላሏን የምትጥለው በልብስ ስፌት ላይ ነው፣ ገላን መታጠብ ብቻውን አያጠፋትም። ደበሎውና የማይቀቀለው ነገር ለሁለት ሳምንት ያህል ሰው ሳይለብሰው ታስሮ ይቀመጥ፤ ከሰው ገላ የተለየች የልብስ ቅማል ያን ያህል አትቆይም። ትኩሳት የያዘው ባልንጀራ ካለ ዛሬውኑ፣ ትኩሳቱ ሳይበርድ፣ ጤና ጣቢያ ሄዶ የደም ስላይድ ያሠራ።

የቲፒኤችኤውን ውጤት ስታገኙ የምርመራውን ስምና ቁጥሩን እዚሁ ከታች ጻፉልኝ፤ የልጁን ስም አትጻፉ።